የአቃቂ ጥቁር ጭቃ፣ የውቅያኖስ ወለል ደለልና ቫይረስ፦ ገዳይ ነው ወይስ መጋቢ?

ጭቃ_ሹም (ቱሉ ዲምቱ) · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 2፡15

ነገሩ የጀመረው በሽታ ነው። በአፍንጫ የሚገባውን ማለቴ ነው፣ ካርድ የሚያስወጣውን አይደለም።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር አንድ ባልዲ ጥቁር ጭቃ አመጣሁና ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞላሁ። የተቀዳደደ ጋዜጣና የእንቁላል አስኳል ለውሼበታለሁ። ከላይ ውሃ አድርጌ፣ አፉን በላስቲክ ሸፍኜ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ቪኖግራድስኪ የሚባል የሩሲያ ሳይንቲስት በ1880ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጭቃው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን በጊዜ ብዛት በየደረጃቸው ይቀመጣሉ፤ ኦክስጅን የሚወደው ከላይ፣ ኦክስጅን የሚገድለው ከታች። በአንደኛው ሃይላንድ ላይ ግን ከቤት ፊኒሺንግ የተረፈ ሁለት ማንኪያ ጀሶ ጨመርኩበት።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ጀሶ የገባበት ከወገቡ በታች እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ነው። ሌላኛው ያን ያህል አይሸትም፣ በእንጨት ሲነካ ግን አረፋ ይለቃል። አከራዬ አሽትተው አሽትተው "ልጄ፣ ሽንት ቤቱ እኮ ግቢው ጥግ ነው ያለው" አሉኝ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ሰልፌትን እንደ አየር የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እኛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደምንተነፍሰው እነሱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይተነፍሳሉ። ሽታው እሱ ነው፤ ከጭቃው ብረት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ያጠቁረዋል። ሰልፌት በሌለበት ተራው የሚቴን ሠሪዎቹ የአርኬያዎች ነው (አርኬያ ባክቴሪያ የሚመስል፣ ግን ዘሩ ሌላ የሆነ ባለ አንድ ሕዋስ ነው)። አረፋው የነሱ ነው።

እና የባሕር ውሃ በሰልፌት የተሞላ መሆኑን ሳነብ "የውቅያኖስ ወለል ማለት እኮ ጀሶ የገባበት ሃይላንድ ነው!" አልኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። በ2012 በወጣ ስሌት ከባሕር ወለል በታች ባለው ደለል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት 3 ተጽፎ 29 ዜሮ የሚከተለው ያህል ናቸው። ከነሱ ጋር ቫይረስ አለ፤ በአንድ ግራም የላይኛው ደለል ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር። ሰውን የሚነካ አይደለም፣ ባክቴሪያና አርኬያ የሚያጠቃ ነው።

ጥያቄዬ፦ ጨለማ ነው፣ ብርድ ነው፣ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ገዳይ በየጎኑ አለ። ይሄ ሰፈር እንዴት ባዶ አልሆነም?

---

ቅቤ_ጠባሽ (ገላን) · ከምሽቱ 2፡31

ሃይላንዱን ይዘህ ከቤት ሳትወጣ በፊት ፎቶ ለጥፍ።

---

ጡረተኛው (ሰንዳፋ) · ከምሽቱ 3፡02

ልጄ፣ ስምህን ወደድኩት። የእኔ አያት የምር ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ግብር እንጂ ጭቃ ሲሰበስቡ ግን አላየሁም።

ቫይረሱን ተወውና አንድ ነገር አስረዳኝ። አራት ሺህ ሜትር ውሃ ሥር ፀሐይ የለም። ፀሐይ ከሌለ ሣር የለም፣ ሣር ከሌለ ከብት የለም። መነሻው ምግብ ከየት መጣ?

---

ጭቃ_ሹም · ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ፣ ከላይ ነው የሚወርደው። ባሕሩ ገጽ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ደቃቅ አልጌዎች አሉ፤ የባሕሩ ሣር እነሱ ናቸው። ሲሞቱ፣ ሲበሉና ሲወገዱ እንደ ካፊያ እየበነነ ይወርዳል። መንገድ ላይ ብዙ አፍ ስላለ ጥልቁ ወለል ላይ የሚያርፈው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ያም ቢሆን አብዛኛው የተመጠጠ አገዳ ነው።

---

ላብ_ኮት (ቡራዩ) · ከምሽቱ 3፡48

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። የቀን ሥራዬ የሰው ደምና ሰገራ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ግን በፌጅ ላይ ነበር (ፌጅ ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው)። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መምህር፣ "ገዳይ እያለ እንዴት አልጠፋም" ብለሃል። እስቲ ገልብጠው። ምናልባት ያልጠፋው ገዳይ ስላለ ነው።

ፌጁ ሕዋሱ ላይ ይጣበቃል፣ የዘር መመሪያውን ያስገባል። ሕዋሱ የራሱን ሥራ ትቶ ፌጅ ሲፈለፍል ይውልና መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። ውስጡ የነበረው ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ዲኤንኤ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሁሉ ደለሉ ላይ ይፈስሳል። የተመጠጠ አገዳ ሲያላምጥ ለኖረ ጎረቤት ይሄ ድግስ ነው።

በ2008 ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ዳኖቫሮና ባልደረቦቹ ከተለያዩ ውቅያኖሶች የተወሰደ የወለል ደለል መርምረው ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ውሃው ከ1000 ሜትር በሚጠልቅበት ቦታ ረቂቃኑ ከሚያፈሩት አዲስ ሥጋ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚያፈርሰው ቫይረስ ሆኖ ነው ያገኙት። በዚህ መንገድ በዓመት የሚፈስሰውን ካርቦን ከ370 እስከ 630 ሚሊዮን ቶን ገምተውታል።

በአጭሩ ቅርጫ ነው። በሬው ይታረዳል፣ ሰፈሩ ይካፈላል።

---

ሸገር_ዳር (ኮዬ ፈጬ) · ከምሽቱ 4፡05

ይሄን ጭቃ እየቆፈሩ ማውጣታቸው አያስፈራም? ሌላ ኮሮና ቢወጣስ?

---

ላብ_ኮት · ከምሽቱ 4፡11

አያስፈራም። ፌጅ የሚከፍተው የራሱን በር ብቻ ነው። የአንዱን ባክቴሪያ ገላ የሚያውቅ ፌጅ የአጎቱን ልጅ እንኳ ብዙ ጊዜ አይነካም፣ የሰው ሕዋስማ ሌላ ዓለም ነው። ሆድህ ውስጥ አሁን ራሱ ስፍር ቁጥር የሌለው ፌጅ አለ፤ ደህና አይደለህ?

---

ጡረተኛው · ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 12፡40

እህቴ ላብ ኮት፣ ጥሩ አስረድተሻል። ቅርጫው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

በቅርጫ በሬው ከገበያ ነው የሚመጣው። ባንቺ ቅርጫ የሚታረደው ከተካፋዮቹ አንዱ ነው! አሥር ሰው ሆነን አንዳችንን አርደን ዘጠኛችን ብንካፈል፣ በሚቀጥለው ደግሞ ስምንት ብንሆን፣ ፋሲካ ሳይደርስ ሰፈሩ አለቀ። ይሄ መመገብ ነው ወይስ መተላለቅ?

---

ላብ_ኮት · ከጠዋቱ 1፡15

ጋሼ፣ እጅ ሰጠሁ። እውነትዎን ነው፣ ቅርጫው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያልቅ ነበር። አንድ ሕዋስ ፈስሶ ሌላው ሲበላው ሁሉም አዲስ ሥጋ አይሆንም፤ ከፊሉ በትንፋሽ ይወጣል። በእያንዳንዱ ዙር ይጎድላል። የሚያቆመው መምህር ያለው ካፊያ ነው፣ እሱ ከቆመ ሰፈሩም ቀስ እያለ ይጠፋል።

ፌጁ ምግብ አይፈጥርም እንግዲህ። የሚያደርገው፣ ያለው ምግብ ከሰፈሩ እንዳይወጣ ማገድ ነው። ፌጅ ባይኖር ባክቴሪያውን ማን ይበላው ነበር? ደቃቅ ትል፣ ባለ አንድ ሕዋስ እንስሳ፣ ከዚያ እነሱን የሚበላ ሌላ። ምግቡ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሕዋሱ ሲፈነዳ ግን ሥጋው ፈሳሽ ስለሆነ ትል ሊያፍሰው አይችልም፣ የሚመጥጠው ሌላ ባክቴሪያ ነው። ከቅርጫው የተባረረው ትሉ ነው።

---

ጭቃ_ሹም · ከጠዋቱ 1፡22

ክፍል ልገባ ነው፣ ግን ይሄን "ከቅርጫው የተባረረው ትሉ ነው" የሚለውን ዛሬ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

---

ምርምር_ላይ (ለገጣፎ) · ከቀኑ 7፡50

ረጅም ነው፣ ታገሡኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በማይክሮባዮሎጂ እየሠራሁ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። መምህር የጠቀስከው የ2012ቱ ነው፣ ትክክል ነህ። መጻሕፍት ውስጥ ግን ከሱ አሥር እጥፍ የሚበልጥ የ1998 ግምትም ታገኛለህ። የበፊቶቹ ቁፋሮዎች አብዛኞቹ ለየብስ ቀረብ ያሉ፣ ምግብ የበዛባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ የዚያን ልክ ለመላው ውቅያኖስ አበዙት። መሐል ውቅያኖስ ገብተው ሲቆፍሩ ባዶ ሊባል የሚችል ሰፊ በረሃ ተገኘ፣ ቁጥሩም ወረደ። ቦሌን አይቶ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ እንደመገመት ነው።

በዚሁ ምክንያት "የውቅያኖስ ወለል ጀሶ የገባበት ሃይላንድ ነው" ያልከው ለዳር ዳሩ እንጂ ለመሐሉ አይሠራም። ደቡብ ፓሲፊክ መሐል ባሕሩ ከሁሉም የተራበ ነው፣ ካፊያው የለም ማለት ይቻላል። በላተኛ ስለሌለ ኦክስጅኑ ሳያልቅ እስከ ታችኛው አለት ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ያለው ጭቃ ቡናማ ሸክላ ነው፣ አይጠቁርም፣ አይሸትም። አከራይህ ይወዱት ነበር።

በ2010 ጆይደስ ሬዞሉሽን በሚባለው መርከብ እዚያ ሄደው ቆፈሩ። ከወለሉ 75 ሜትር ገደማ ዝቅ ሲሉ የደረሱበት ደለል 101.5 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ነው። አካፍሉት፦ በ1000 ዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዩኪ ሞሮኖ የሚባለው ጃፓናዊና ቡድኑ ከዚያ የመጣውን ሸክላ ልዩ ምልክት ያለው ካርቦንና ናይትሮጅን መገቡት (ምልክቱ ማን እንደበላ ለማወቅ ነው)። ውጤቱ በ2020 ወጣ። ሕዋሳቱ በሉ፣ ተከፈሉ፣ በ68 ቀን ውስጥ አንዳንዱ ናሙና ላይ በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ በዙ። ከተገኙት ሕዋሳት አብዛኞቹ መብላት የሚችሉ ነበሩ።

አሁን ወደ ቅርጫው። እንዲህ ያለ ሸክላ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ ሺህ ሕዋስ አለ እንበል። በመካከላቸው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይኖራል ማለት ነው። ሕዋሱ የሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ ነው። ወደ ሰው ቁመት ብትቀይሩት የቅርብ ጎረቤትህ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅሃል፣ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ያውም መንገዱ የተደፈነ ሸክላ ነው። ፌጅ እግር የለውም፣ ክንፍ የለውም፣ ውሃ ወደገፋው ይሄዳል። ከአንዱ ፈንድቶ ሌላውን ማግኘት ይችላል?

ስለዚህ ላብ ኮት ያለችው የዳኖቫሮ ነገር እውነት ነው፣ ግን የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር እውነት ነው። ታች ሌላ ሕግ ነው።

---

ላብ_ኮት · ከቀኑ 9፡10

እስማማለሁ፣ ጨምሬ ግን። ታች ሲሆን ፌጁ ሌላ ስልት አለው። አይገድልም፤ ደባል ይሆናል። የራሱን ዲኤንኤ ከባለቤቱ ዲኤንኤ ጋር ሰፍቶ ዝም ይላል። ሕዋሱ ሲከፈል እሱም አብሮ ይባዛል፣ ኪራይ ሳይከፍል። ባለቤቱ የተጎዳ ቀን ነው ተነስቶ የሚያፈነዳው። ጎረቤት በአርባ ደቂቃ መንገድ በሚርቅበት አገር ቤት ውስጥ መቀመጥ ያዋጣል።

ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። በጣም የቆየና የተራበ ደለል ላይ ሲቆጠር የፌጁ ብዛት ከሕዋሱ ብዛት ብዙ እጥፍ የበለጠበት ቦታ አለ። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት "እዚያ ድረስ ፌጅ እየተመረተ ነው ማለት ነው" ብሎ ደምድሟል። ሌሎች ደግሞ "አዲስ አይደለም፣ ሸክላው ላይ ተጣብቆ ሳይበሰብስ የቀረ አሮጌ ነው" ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሸክላ ፌጅን እንዴት እንደሚይዝ ላብራቶሪ ውስጥ አይቻለሁ፤ አጥቤ አጥቤ አልለቅ ብሎኝ ያውቃል።

---

ምርምር_ላይ · ከቀኑ 9፡30

እኔ ወደ መጀመሪያው። ደባል ያልሽው እኮ አንዳንዴ ይወጣል። ባለቤቱ በሺህ ዓመት አንዴ ቢከፈልም፣ ደባሉ በዚያ መሐል አንዴ ቢነሳ ብዙ ፌጅ ነው የሚወጣው። አሮጌውና አዲሱ ተደምሮ ሊሆን ይችላል።

---

ላብ_ኮት · ከቀኑ 9፡33

"ሊሆን ይችላል" ላይ ተገናኘን።

---

ጡረተኛው · ከምሽቱ 1፡05

መቶ ሚሊዮን ዓመት ያላችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ዘመኑ 7 ሺህ 5 መቶ ከጥቂት ነው። ከቁጥሩ ጋር አልጣላም፣ ለልጅ ልጆቼም እናንተ እንደምትሉት ነው የሚያስተምሯቸው።

የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ነገሮች ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ዘር ነው የቆዩት ወይስ እንደ በሬ? ጎተራ ያለ ጤፍ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። በሬ ግን ቢተኛም ይተነፍሳል።

---

ምርምር_ላይ · ከምሽቱ 1፡40

ጋሼ፣ እነሞሮኖም የጠየቁት እሱኑ ነው። ባክቴሪያም "ዘር" የሚሆንበት መንገድ አለው፣ ስፖር ይባላል፤ ቆዳውን አወፍሮ ሥራ ያቆማል። እዚያ የተገኙት ግን አብዛኞቹ ስፖር የማይሠሩ ዓይነት ናቸው። በሬ ናቸው ማለት ነው። ኦክስጅን አለ፣ በትንሽ በትንሹ ይተነፍሳሉ፣ የሚያገኙት ጉልበት የተጎዳ ዲኤንኤና ፕሮቲን ለመጠገን ብቻ ነው የሚበቃው። ለመከፈል አይተርፍም። ምናልባት በዚያ ሁሉ ዘመን የተከፈሉት ከጥቂት ጊዜ አይበልጥም፣ ወይም ጨርሶ አልተከፈሉም።

---

ቅቤ_ጠባሽ · ከምሽቱ 1፡44

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው።

---

ጭቃ_ሹም · ከምሽቱ 1፡46

የእኔን እንቁላል ሃይላንድ ውስጥ ጨመርኩት፤ በእግሩ አልሄደም፣ በሽታው ነው ጎረቤት የደረሰው።

---

ባለ_ጉድጓድ (ለቡ) · ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ሹፌር ነኝ፤ አልተማርኩም ብዬ ዝም ልል ነበር፣ ግን የምታወሩት የኔን ሥራ ነው።

እናንተ ሰልፋይድ የምትሉትን እኔ በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። ጉድጓድ ስከፍት መጀመሪያ ወደ ኋላ እላለሁ፤ ብዙ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ቀርቷል። ሽታው ድንገት ከጠፋብህ ደግሞ የበለጠ ሩጥ፣ አፍንጫህ ነው የሞተው። ሌላም አለ፦ በረኪና የሚያበዛ ቤት ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። የማያበዛው ቤት ዓመት ዓመት ይቆይለታል። ለባለቤቶቹ "ውስጥ ሠራተኛ አላችሁ፣ አትግደሉት" እላቸዋለሁ፣ ይስቁብኛል።

ጥያቄ አለኝ። የባሕሩን እነዚህን ነገሮች እንደ እርሾ ማርባት አይቻልም? አንዴ ካገኘኸው እያባዛህ ነው እንጂ ሁልጊዜ ባሕር መውረድ ምንድን ነው?

---

ላብ_ኮት · ከምሽቱ 4፡31

ወንድሜ፣ አፍንጫው የሚሞተው ያልከውን ተማሪዎች ፈተና ላይ ይስቱታል። ጋዙ ሲበዛ የማሽተቻውን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ሽታ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። መምህር፣ አንተም ሃይላንድህን ስትከፍት መስኮት ክፈት።

---

ጭቃ_ሹም · ከምሽቱ 5፡10

ባለ ጉድጓድ፣ ለጥያቄህ መልስ ያለው ታሪክ ከሁሉ የወደድኩት ነው፣ እና ባለቤቱ አንተ ነህ ማለት ይቻላል።

በ2015 ስዊድን ኡፕሳላ ያሉ ተመራማሪዎች በግሪንላንድና በኖርዌይ መሐል፣ ከ3000 ሜትር በላይ ውሃ ሥር ከተወሰደ ደለል ውስጥ የአንድ እንግዳ አርኬያ ዲኤንኤ አገኙ። ሎኪ አሉት። አርኬያ ሆኖ ሳለ የእኛን ዓይነት ሕዋስ፣ የሰውን፣ የጤፉን፣ የእርሾውን፣ የሚመስሉ ዘረመሎች ነበሩት። ዘመድ ነው ማለት ነው። ችግሩ፣ ያገኙት ጽሑፉን እንጂ አካሉን አይደለም፤ ማንም ዓይቶት አያውቅም።

ጃፓኖቹ ግን ሳያውቁት ከዚያ ቀድመው ጀምረው ነበር። በ2006 ሺንካይ 6500 በሚባለው ሰው ጭኖ በሚጠልቅ መርከብ ናንካይ ከሚባለው የባሕር ሸለቆ፣ 2533 ሜትር ውሃ ሥር ጭቃ አወጡ። ጭቃውን ምን ውስጥ አሳደጉት? የተንጠለጠለ ስፖንጅ ውስጥ፣ ከላይ ሚቴን ያለበት ውሃ እያንጠባጠቡ። ይሄ የስፖንጅ ዘዴ መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለፍሳሽ ማጣሪያ ነው! ከአምስት ዓመት በላይ፣ ከ2000 ቀን በላይ አንጠባጠቡ። ከዚያ ወደ ጠርሙስ አዛወሩት፣ ባክቴሪያውን የሚያቆም አንቲባዮቲክ ጨመሩ፣ አሚኖ አሲድና የሕፃን ዱቄት ወተት መገቡት። የዱቄት ወተት፣ አዎ።

በአጠቃላይ 12 ዓመት ፈጀ። በ2020 መጀመሪያ ኔቸር ላይ ወጣ። የኛ እርሾ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሲከፈል ይሄ አንዴ ለመከፈል ከ14 እስከ 25 ቀን ይፈልጋል። ብቻውን አይኖርም፤ እሱ የሚጥለውን ሃይድሮጅን የሚበላለት ሚቴን ሠሪ ጎረቤት ያስፈልገዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ድቡልቡል ነው፣ ከገላው ረጃጅም ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እንደ ሥር።

ስለዚህ ይቻላል። ግን ሊጥ ለማቡካት 12 ዓመት የሚጠብቅ እናት ያስፈልጋል።

---

ባለ_ጉድጓድ · ከምሽቱ 5፡25

ስፖንጁ ከፍሳሽ ነው የመጣው? ነገ ለረዳቴ ነው የምነግረው። ይሄ ልጅ ሙያችንን ይንቃል።

---

ሸገር_ዳር · ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሎኪም ፌጅ አለው?

---

ምርምር_ላይ · ከጠዋቱ 2፡45

ጥሩ ጥያቄ። በ2022 በአንድ ጊዜ ብዙ ጥናት ወጣበት፤ አንዱ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ጓይማስ፣ ሌላው ከጃፓን ሺሞኪታ ደለል። አዎ፣ የሎኪና የዘመዶቹ ቫይረሶች አሉ።

እንዴት አወቁ? ቫይረሱ ራሱ ተይዞ አይደለም። ብዙ ባክቴሪያና አርኬያ ክሪስፐር የሚባል መዝገብ አላቸው። ያጠቃቸውን ቫይረስ ዲኤንኤ ቁራጭ ቆርጠው በራሳቸው ዲኤንኤ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ዳግመኛ ሲመጣ እንዲያውቁት። እንደ ፖሊስ ጣቢያ የጣት አሻራ። ተመራማሪዎቹ የሎኪ ዘመዶችን መዝገብ ከፍተው አሻራውን ወሰዱ፣ እዚያው ደለል ውስጥ ከተገኘ የቫይረስ ዲኤንኤ ጋር አገጣጠሙት። ከሳሹም ተከሳሹም ሳይታዩ ፋይሉ ተገኘ።

የወደድኩት ግን ሌላ ነው። መዝገብ አለ ማለት እዚያ ጨለማ ውስጥ ጥቃት ነበረ፣ የተረፈም ነበረ ማለት ነው። ጎረቤት በአርባ ደቂቃ ይርቃል ብዬ የጻፍኩት ለተራበው ሸክላ ነው፤ ጓይማስ ግን ከሥር ሙቅ ውሃ የሚፈልቅበት ጥጋብ ሰፈር ነው፣ እዚያ ቅርጫው በየቀኑ ነው።

---

ጡረተኛው · ከጠዋቱ 3፡10

የእኛ አገር ባሕር የላት፣ እናንተ ግን ከባሕር ሥር አልወጣችሁም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጭቃ የለም?

---

ምርምር_ላይ · ከጠዋቱ 3፡34

ባሕር የነበረበት አለ ጋሼ። ዳናኪል ቀይ ባሕር ይገባበት የነበረ ነው፤ ደርቆ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ጨው ቀረ። አሞሌው ከዚያ ነው። ዳሎል ላይ ጨውም አሲድም ሙቀትም አንድ ላይ የሚፈላበት ኩሬ አለ። በ2019 ሁለት ቡድኖች ሄደው ተጣሉ፦ አንደኛው "እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አግኝተናል" ሲል፣ ሁለተኛው "በጣም አሲድና ጨው በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት የለም" አለ። እኔ ሁለተኛው ያሳምነኛል። በ2016 ናንካይ አጠገብ ቆፍረው 120 ዲግሪ በሚሞቅ ደለል ውስጥ እንኳ ሕዋስ አግኝተዋል፤ ሙቀት ብቻውን አይደለም የሚገድለው። ዳሎል ላይ አሲዱና ጨው አንድ ላይ ሆነው ነው።

---

ጭቃ_ሹም · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡50

ሪፖርት። ሃይላንዶቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። አከራዬ "ዕቃህን ብቻ ነው ያልኩህ፣ አንተን አላልኩም" ብለው ሸኙኝ።

ጀሶ ባለው ላይ ከጥቁሩ በላይ ጣት የማይሞላ ሐምራዊ መስመር ወጥቷል። እነዚህ ሽታውን የሚበሉ ናቸው፤ ፀሐይም ሰልፋይድም ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ብርሃኑና ሽታው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ብቻ ይቆማሉ። ጥልቁ ባሕር ላይ ፀሐይ ስለሌለ እነሱ የሉም። እዚያ ግን በ2000 አንትየ ቦኤትየስና ባልደረቦቿ ከኦሪገን ባሕር ዳርቻ ወዲያ ያገኙት ሌላ የድንበር ሰፈር አለ። ሚቴን ከታች ሲወጣ፣ ሰልፌት ከላይ ሲወርድ በሚገናኙበት ቦታ አርኬያና ባክቴሪያ ተቃቅፈው ሚቴኑን ይበሉታል። ከታች የሚወጣው ሚቴን አብዛኛው ውሃው ጋር ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። እነሱ ባይኖሩ አየሩ ሌላ አየር ነበር።

አንዲት ተማሪዬ ሰሌዳው ላይ "ከቅርጫው የተባረረው ትሉ ነው" የሚለውን አንብባ "ታዲያ ትሉ ለምን አልጠፋም?" ብላኛለች። ነገ መልስ እሰጥሻለሁ ብዬ መጣሁ። ላብ ኮት፣ እርጂኝ።

---

ላብ_ኮት · ከምሽቱ 3፡15

አልተባረረም፣ ድርሻው ቀነሰ። ትሉ ካፊያውን ራሱን፣ ገና ሲያርፍ፣ ይበላል፤ ያልፈነዳውንም ባክቴሪያ ይበላል። "ከሞላ ጎደል ሁሉንም" ያልኩት ባክቴሪያዎቹ የሚያፈሩትን አዲስ ሥጋ ነው፣ የሚወርደውን ምግብ በሙሉ አይደለም። አጋንኜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የኔ ጥፋት ነው። ልጅቷን ግን አትልቀቃት።

---

ባለ_ጉድጓድ · ከምሽቱ 4፡02

መምህር፣ ሐሙስ ጠዋት ገላን በኩል ሥራ አለኝ። በረኪና ከማያውቅ ጉድጓድ አንድ ጣሳ ለተማሪዎቹ ላምጣ? ጓንት አለኝ፣ ክዳን ያለው ጣሳ አንተ አዘጋጅ።